ሦስት ጋሻ መሬት በለንደን እምብርት

የግሮቭነር ቤተሰብ በለንደን መሐል ያለው ይዞታ በስፋቱ ብቻ ቢመዘን ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ከሃይድ ፓርክ በስተምሥራቅ ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ወደ 40 ሄክታር፣ ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በስተምዕራብ ደግሞ ቤልግሬቪያ በሚባለው ሰፈር 80 ሄክታር ገደማ ነው። በእኛ የድሮ ልኬት አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ግድም ስለሚሆን ድምሩ ሦስት ጋሻ ይመጣል። በአርሲ ወይም በሐረርጌ ሦስት ጋሻ የነበረው ሰው በዘመኑ ደህና ባለመሬት ይባል እንደሆነ እንጂ ስሙ ከወረዳው አልፎ አይሰማም ነበር። በዚህኛው ሦስት ጋሻ ላይ ግን ኤምባሲዎች፣ ትልልቅ ሆቴሎች፣ የሥዕልና የጌጣጌጥ መደብሮች፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ቱጃሮች መኖሪያዎች ተደርድረዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የቆሙት በሌላ ሰው መሬት ላይ በሊዝ ነው። ከ1979 እስከ 2016 ድረስ ያ ሌላ ሰው ስድስተኛው የዌስትሚኒስተር መስፍን ጄራልድ ግሮቭነር ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እርሳቸው እንድጽፍ የገፋፋኝ የሀብታቸው ብዛት አይደለም፤ ስለ ሀብታቸው የሰጡት አንድ መልስ ነው። ምርጫው የእርሳቸው ቢሆን ኖሮ ሀብታም ሆነው ባይወለዱ ይመርጡ እንደነበር፣ ይሁንና ሀብቱን ስለመተው አስበው እንደማያውቁ፣ መሸጥም እንደማይችሉ፣ ምክንያቱም የራሳቸው እንዳልሆነ ተናግረዋል። ይህን ሰምተው የጥጋብ አነጋገር ነው ብለው የሚስቁ አሉ። እኔ ግን ሰውየው ከልባቸው የተናገሩት ይመስለኛል፤ በሕግ ሰነድ ሲታይም ነገሩ እንዳሉት ነው። «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል ግን ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሸክም ሆኖ ሳለ ለቤተሰቡ ሀብት ደግሞ ከግብር የሚከላከል ምሽግ ሆኖ ማገልገሉን ሳስብ፣ ለሰውየው የማዝነውን ያህል ለምሽጉ ማዘን አልቻልሁም።

የመሬቱ ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ሕፃን ነው። በ1665 ለንደንን ታላቁ ወረርሽኝ በመታት ጊዜ አሌክሳንደር ዴቪስ የተባለ የውል ጸሐፊ ሲሞት፣ ገና መንፈቅ የሆናት ልጁ ሜሪ ከከተማዋ በስተምዕራብ 200 ሄክታር ያህል መሬት ወራሽ ሆነች። መሬቱ የመጣው ገንዘብ በማበደር ከበለጸገው ዘመዳቸው ከሂዩ ኦድሊ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ረግረግ፣ የግጦሽ ሜዳና የጓሮ አትክልት ቦታ ነበር። ከተማዋ ወደ ምዕራብ እየሰፋች እንደምትመጣ ግን አርቀው የሚያዩ ሰዎች አላጡትም። እናቲቱ ልጇን በመጀመሪያ ለአንድ መኳንንት ልጅ ልትድር ተዋውላ ውሉ በገንዘብ ምክንያት ፈረሰ፤ በ1677 ሜሪ በ12 ዓመቷ የ21 ዓመቱን የቼሸር ባላባት ሰር ቶማስ ግሮቭነርን አገባች። ባሏ በ1700 ሞተ፤ በዓመቱ በፓሪስ ሳለች አንድ ሰው አግብቻታለሁ ብሎ ተነሣና ጉዳዩ ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻም አእምሮዋ ታውኳል ተብሎ በሕግ ተወስኖባት በሌሎች ጥበቃ ሥር ኖራ በ1730 አረፈች። ዛሬ በሜይፌር የዴቪስ ጎዳናም የኦድሊ ጎዳናም አለ። መስፍኖቹ በየተራቸው በሥዕልና በሐውልት የሚታሰቡ ሲሆን፣ ለዚህ ሀብት ከቤተሰቡ ሁሉ ከፍ ያለውን ዋጋ የከፈለችው ይህች ልጅ ይመስለኛል።

ከሀብቱ በስተጀርባ ያለው ብልሃት ቀላል ነው፤ መሬቱ አይሸጥም። ባለመሬቱ ቦታውን ለረጅም ዘመን፣ ብዙ ጊዜም ለ99 ዓመት ያከራያል፤ ግንበኛው ወይም ነጋዴው በራሱ ገንዘብ ቤት ይሠራበታል፤ ዓመታዊ የመሬት ኪራይ ይከፈላል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ግን መሬቱ ከነቤቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ለአዲስ አበባ ሰው ሊዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ በእኛ አገር አከራዩ መንግሥት መሆኑ፣ እዚያ ግን አንድ ቤተሰብ መሆኑ ነው። የሜሪ ልጅ ሰር ሪቻርድ ከ1720ዎቹ ጀምሮ ሜይፌርን በዚህ መንገድ አለማ። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1820ዎቹ ቶማስ ኩቢት የተባለው ታላቅ ግንበኛ የቤልግሬቪያን ረግረግ፣ ከቴምዝ ዳር የቅድስት ካትሪን ወደብ ሲቆፈር በወጣው አፈር ጭምር አስሞልቶ፣ እነዚያን ነጫጭ ባለ ዓምድ ቤቶች አቆመበት። በኢተን አደባባይ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ፊት ያለው የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም፤ የውጪው ገጽታ እንዴት እንደሚያዝ በውሉ የተወሰነ ነው። የቤተሰቡ ማዕርግም ከኪራዩ ጋር እያደገ ሄደ፤ በ1622 ባሮኔት የነበረው ቤት በ1761 ባሮን፣ በ1784 ኧርል፣ በ1831 ማርኩዊስ፣ በ1874 በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን መስፍን ተባለ።

የአሜሪካ መንግሥት እንኳ ከዚህ ልማድ አላመለጠም። አሜሪካኖች በግሮቭነር አደባባይ ትልቁን ኤምባሲያቸውን ሊሠሩ በተነሡ ጊዜ መሬቱን እንደ ልማዳቸው መግዛት ፈልገው ነበር። የቤተሰቡ ወኪሎች «በነጻነት ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የወረሳችሁብንን መሬት መጀመሪያ መልሱልን» ብለው መለሱላቸው ተብሎ ይተረካል። ቀልዱ እውነትም ይሁን በኋላ የተጨመረ፣ ኤምባሲው ወደ ቴምዝ ደቡብ ዳርቻ እስከተዛወረበት እስከ 2018 ድረስ የዓለም ኃያል መንግሥት በመስፍኑ መሬት ላይ ተከራይ ሆኖ መቆየቱ ግን እውነት ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ቤተሰብ የፈተና ዘመን ነበር። እኛ ዘንድ በራሳችን አቆጣጠር የካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የባላባት መሬት በአንድ ቀን የሕዝብ ሀብት ተባለ፤ መፈክሩንም የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በብሪታንያ ተመሳሳይ ዓላማ ያላቸው ፖለቲከኞች የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር፤ ባለመሬቱን ነቅሎ በማባረር ፈንታ በሞተ ቁጥር ከውርሱ ከፍተኛ ግብር መቁረጥ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ከትልልቆቹ ውርሶች አብዛኛው ለመንግሥት ይገባ ስለነበር፣ በየገጠሩ በመቶ የሚቆጠሩ የመኳንንት ቤቶች ፈረሱ ወይም ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሆኑ። ሁለተኛው መስፍን፣ በቅጽል ስማቸው ቤንዶር፣ በመርከብ፣ በአደንና በጋብቻ ብዛት የታወቁ ነበሩ፤ ከፈረንሳዊቷ የልብስ ዲዛይነር ከኮኮ ሻኔል ጋር የነበራቸው ፍቅር ዛሬም ይወራል፤ በጌንዝቦሮ የተሣለውንና «ሰማያዊው ልጅ» የተባለውን ሥዕል በ1921 ለአሜሪካ ገበያ የሸጡት እርሳቸው ናቸው። አንድያ ወንድ ልጃቸው በአራት ዓመቱ በ1909 ሞቶባቸዋል። በ1953 ሲያርፉ የተጠየቀው የውርስ ግብር በሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለነበር ቤተሰቡ በለንደን የነበረውን ሦስተኛ ይዞታ ፒምሊኮን ሸጠ። በቼሸር የነበረውና ቤተ መንግሥት የሚያስንቀው የኢተን ሆል ሕንፃም በ1960ዎቹ ፈረሰ፤ ከእርሱ የቀሩት ጸሎት ቤቱ፣ የሰዓት ማማውና ጋጣዎቹ ናቸው።

ሁለተኛው መስፍን ወንድ ወራሽ ስላልነበራቸው ማዕርጉ ከአጎት ልጅ ወደ አጎት ልጅ ሲዘል ቆየ። ሦስተኛው መስፍን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሕመምተኛ የነበሩና ያላገቡ ሰው ነበሩ፤ በ1963 አረፉ። አራተኛው በ1944 በጦር ሜዳ ቆስለው የነበሩ ወታደር ሲሆኑ በ1967 በካንሰር ሞቱ፤ ልጅ አልነበራቸውም። እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያዎችን እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ክርክር ተነሣ። በጦርነት ቆስሎ በዚያው ጠንቅ የሞተ ሰው ውርሱ ከግብር ነጻ እንዲሆን የሚፈቅድ ድንጋጌ ነበር፤ ዓላማውም በግዳጅ ላይ ለወደቀ ወታደር ቤተሰብ መራራት ነው። የኑዛዜው አስፈጻሚዎች የ1944ቱ ቁስል ከ23 ዓመት በኋላ ለደረሰው ሞት አስተዋጽኦ አድርጓል ብለው ተከራከሩ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻም ፍርድ ቤቱ ተስማማላቸው። ውሳኔውን በሕግ ዓይን ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ለአንድ ተራ ወታደር ሚስት ታስቦ የተጻፈ አንቀጽ የአገሪቱን ትልቅ ሀብት ከግብር ሲያድን ማየት፣ ጎበዝ ጠበቃ መቅጠር የሚችል ሰው ሕጉን ከማንም በተሻለ እንደሚያነብ ያሳያል።

ጄራልድ የተወለዱት በዚህ ሁሉ መካከል፣ ግን ከሁሉም ርቀው ነው። በታኅሣሥ 1951 በሰሜን አየርላንድ በኦማ ከተማ ተወለዱ፤ ልጅነታቸውንም ያሳለፉት በፈርማና አውራጃ በኧርን ሐይቅ አካባቢ ነው። አባታቸው ሮበርት በዚያው አካባቢ የፓርላማ እንደራሴ ነበሩ፤ ከብትና ውሃ በበዛበት አገር ላደገው ልጅ የሕይወት ምኞቱ ከብት ማርባት ነበር። አራተኛው መስፍን በ1967 ሲያርፉ ግን ማዕርጉ ወደ አባታቸው ዞረ፤ የ15 ዓመቱ ጄራልድም በአንድ ሌሊት የኢምፓየር አልጋ ወራሽ ሆኑ። ሃሮው በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ደስተኛ አልነበሩም፤ አየርላንድኛ ቅላጼ ይዘው ወደ መኳንንት ልጆች መካከል መግባታቸው ቀላል አልሆነላቸውም፤ ኦ-ሌቭል በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ፈተናም ሁለት ትምህርት ብቻ አልፈው ወጡ። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። አባታቸው በ1979 ሲሞቱ በ27 ዓመታቸው ስድስተኛው መስፍን ተባሉ።

ከሕይወታቸው ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ የመረጡት ነገር ውትድርናን ይመስለኛል። በ1970 በተጠባባቂው ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ገቡ፤ በ1973 መኮንን ሆኑ፤ እየወጡ ሄደው ከ2004 ጀምሮ በሜጀር ጄኔራል ማዕርግ አገልግለዋል። በውትድርና ማዕርግ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል አለ፤ በወረሱት ሕይወት ግን መሰላሉ አልነበረም፤ የተወለዱት ከጫፉ ላይ ነው። ወጣት ነጋዴዎችን ምን ትመክራለህ ሲባሉ፣ የድል አድራጊው የንጉሥ ዊልያም የቅርብ ወዳጅ የሆነ ቅድመ አያት ይኑራችሁ የሚል መልስ እንደሰጡ ይነገራል። ይህ ቀልድ እርሳቸውን ከብዙ ሀብታሞች ይለያቸዋል። በላቤ ያገኘሁት ነው ብለው ራሳቸውን አላታለሉም።

በ1978 ያገቧቸው ናታሊያ ፊሊፕስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የተለየ ትርጉም ያለው የዘር ሐረግ አላቸው። በእናታቸው በኩል ከሩሲያው ታላቅ ባለቅኔ ከአሌክሳንደር ፑሽኪን ልጅ ይወርዳሉ። የፑሽኪን ቅድመ አያት ደግሞ በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገውና ጄኔራል የሆነው አብራም ጋኒባል ነው። የጋኒባል የትውልድ ቦታ ከመረብ ማዶ ሎጎን የሚባለው አገር ነው የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ በቻድ ሐይቅ አካባቢ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። እኛ ግን ውሳኔውን ሳንጠብቅ በአዲስ አበባ ለፑሽኪን አደባባይ ሰይመንለታል። ስለዚህ የአሁኑ የዌስትሚኒስተር መስፍን፣ የሜይፌርና የቤልግሬቪያ ጌታ፣ በእናታቸው በኩል የጋኒባል ዘር ናቸው። ይህን ለዘመዶቼ ስነግራቸው ከመሬቱ ታሪክ ሁሉ ይልቅ የሚያስደስታቸው ይህ ነው፤ አንዳንዶቹም የእኛ ድርሻ ስንት ነው ብለው ይጠይቁኛል።

ጄራልድ ንግዱን የያዙት ብዙዎች እንደጠበቁት በግድየለሽነት አይደለም። የግሮቭነር ኩባንያ በእርሳቸው ዘመን ከብሪታንያ ውጭ በሰሜን አሜሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ የሚሠራ ድርጅት ሆነ። በሊቨርፑል መሐል ከተማ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ግድም የፈጀው ሊቨርፑል ዋን የተባለው የገበያ ሰፈር በ2008 ተከፈተ፤ እዚያ መሬቱ የከተማው ምክር ቤት ስለሆነ ኩባንያው የያዘው በ250 ዓመት ሊዝ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሲያከራይ የኖረው ቤት በሊቨርፑል ተከራይ ሆነ ማለት ነው። ከከተማ ውጭም በቼሸር የኢተን ርስት፣ በላንክሸር የአቢስቴድ የአደን መሬት፣ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍም የሬይ ደን የሚባለው ወደ 39,000 ሄክታር የሚጠጋ ተራራና ረግረግ ነበራቸው። ይህን የመጨረሻውን በጋሻ ለመቁጠር ብሞክር ወደ አንድ ሺህ ይጠጋብኛል።

የእርሳቸው ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚታየኝ በሦስት ክርክሮች ነው። የመጀመሪያው በስትራስቡርግ የታየው ነው። በ1967 የወጣ ሕግ ለረጅም ዘመን ሊዝ ያላቸው ተከራዮች የመሬቱን ባለቤትነት በግዴታ እንዲገዙ ፈቅዶ ነበር፤ በዚህም መሠረት በቤልግሬቪያ ሰማንያ ያህል ቤቶች ከይዞታው ወጡ። መስፍኑና የቤተሰቡን ንብረት የሚያስተዳድሩት ሌሎቹ ባለአደራዎች ይህ ንብረታችንን መንጠቅ ነው ብለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 1986 በአንድ ድምፅ ፈረደባቸው፤ መንግሥት ማኅበራዊ ፍትሕን ለማስፈን ንብረት ከአንዱ ዜጋ ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ማድረግ ይችላል አለ። ሁለተኛው በ1993 ነው፤ ወግ አጥባቂው መንግሥት ያንኑ መብት ለአፓርታማ ተከራዮች ሲያሰፋ መስፍኑ ተቆጥተው ከፓርቲው ወጡ። በሁለቱም ክርክር ልቤ ከተከራዮቹ ጋር ነው፤ ምንም እንኳ ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ከፍተኛ ሀብታሞች እንደነበሩ ባውቅም።

ሦስተኛው ክርክር ግን ሚዛኔን ያናጋብኛል። በ1928 ቴምዝ ሞልቶ የድሆችን ሰፈር ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ሁለተኛው መስፍን በፔጅ ጎዳና የነበራቸውን መሬት ለዌስትሚኒስተር ከተማ ምክር ቤት ሰጡ፤ ሰር ኤድዊን ለትየንስ የነደፏቸው፣ ግድግዳቸው የዳማ ሰሌዳ የሚመስል አፓርታማዎችም ተሠሩበት። በ1937 በተፈረመው የ999 ዓመት ውል ቤቶቹ ለሠራተኛው መደብ መኖሪያ ብቻ እንዲያገለግሉ ተጻፈ። በ1980ዎቹ በወግ አጥባቂ ፓርቲዋ በሺርሊ ፖርተር ይመራ የነበረው ምክር ቤት የከተማዋን የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ሊገዙ ለሚችሉ ሰዎች መሸጥ ጀመረ፤ ዓላማው ለፓርቲው ድምፅ ማብዛት እንደነበር በኋላ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ2001 አረጋግጠዋል። ምክር ቤቱ የፔጅ ጎዳናን ቤቶችም ለመሸጥ ሲፈልግ፣ ሠራተኛ መደብ የሚባል ነገር ዛሬ የለም፣ ስለዚህ የውሉ አንቀጽ ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረ። መስፍኑ ውሉ ይከበር ብለው ቆሙ፤ በ1990 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለእርሳቸው ፈረደ። እንግዲህ ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት የድሆችን ቤት ሊሸጥ ሲነሣ የከለከለው ማንም ያልመረጠው መስፍን ነው። ሁለቱንም ነገሮች፣ የስትራስቡርግን ክስና የፔጅ ጎዳናን ክርክር፣ የገፋው አንድ ዓይነት እምነት ይመስለኛል፤ የተፈረመ ውል ለዘላለም ይጸናል፣ አባት የሰጠውን ቃል ልጅ አያፈርስም የሚል እምነት። አንዳንድ ጊዜ ይህ እምነት ድሃውን ይጠቅማል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ውሉን ያስጻፈውን ወገን ነው የሚጠቅመው።

በ1998 መስፍኑ የአእምሮ ድካም ደረሰባቸው፤ በጭንቀትና በድባቴ ታመው ከሥራ ርቀው ቆዩ። በኋላም በመቶ የሚቆጠሩ የበጎ አድራጎት ኃላፊነቶችና የንግዱ ጫና አንድ ላይ እንደከበዷቸው በግልጽ ተናገሩ። በእርሳቸው ትውልድና መደብ ያለ ወንድ፣ ያውም ወታደር፣ ይህን በአደባባይ መናገሩ ቀላል አልነበረም። የታመሙት ሰው ያልነበራቸው ነገር ገንዘብ አልነበረም፤ በቃኝ ብለው የሚሄዱበት በር ነው። ድሃም በቃኝ ማለት አይችልም፣ እርሱ ግን የሚከለክለው ችግር ነው፤ እርሳቸውን የከለከላቸው አሥራ አንድ ትውልድ የሚያህል የሙታን ሰልፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ካደረጓቸው ነገሮች ትልቁ በኖቲንግሃምሸር ስታንፎርድ ሆል የተባለውን ግቢ ገዝተው፣ የቆሰሉ ወታደሮች የሚያገግሙበት ብሔራዊ ማዕከል እንዲሆን ማስጀመራቸው ነው፤ ከራሳቸውም በአሥር ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር ገንዘብ ሰጡበት። ማዕከሉ የተከፈተው በ2018 ስለሆነ ፍጻሜውን አላዩም። ነሐሴ 9 ቀን 2016 በአቢስቴድ ርስታቸው ሳሉ በድንገት ታመው በፕሬስተን ሆስፒታል አረፉ፤ ዕድሜያቸው 64 ነበር።

ሲሞቱ ሀብታቸው ወደ 9 ቢሊዮን ፓውንድ ይገመት ነበር፤ በኑዛዜያቸው መዝገብ የተመዘገበው የግል ንብረታቸው ግን 616 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት «የእኔ አይደለም» የሚለው ቃል በገንዘብ ሲተመን ነው። ዋናው ሀብት ያለው በባለአደራ ተቋማት እጅ ነው፤ መስፍኑ ከተጠቃሚዎቹ አንዱና ከአስተዳዳሪዎቹ ዋናው እንጂ በሕግ ባለቤቱ አልነበሩም። አንድ ተራ የለንደን ነዋሪ ቤቱን ለልጁ ሲያወርስ ከተወሰነ ገደብ በላይ ላለው 40 ከመቶ የውርስ ግብር ይከፈልበታል፤ የባለአደራ ሀብት ግን ሰው ሲሞት ባለቤት አልሞተበትምና ያ ግብር አይነካውም። በምትኩ በየአሥር ዓመቱ እስከ 6 ከመቶ የሚደርስ ግብር አለበት። የቤተሰቡ ወኪሎች ይህን ግብር በአግባቡ እንደሚከፍሉ ይናገራሉ፤ በሕግ ረገድ የሚነቀፉበት ነገር አላየሁም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አደራ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ አደራ ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀን መጥቶ ይጠይቃል፣ የበላም ይወቀሳል። የዚህ አደራ ሰጪ ግን ያለፉት ግሮቭነሮች ናቸው፣ ተቀባዩ አሁን ያለው ግሮቭነር ነው፣ መጥቶ የሚጠይቀውም ገና ያልተወለደው ግሮቭነር ነው። የፒምሊኮ ሠራተኛ፣ የኢተን አደባባይ ተከራይ፣ የቼሸር ገበሬ በዚህ አደራ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ይታሰብ እንደሆነ እንጂ ጠያቂ መሆን አይችልም።

በቤተሰቡ ውስጥም ቢሆን አደራው ለሁሉም እኩል አይደለም። ከጄራልድና ከናታሊያ አራት ልጆች መካከል የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ማዕርጉ የሚተላለፈው በወንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር በጥር 1991 የተወለዱትን ሦስተኛውን ልጅ ሂዩን ጠበቀ። ከሜሪ ዴቪስ እስከዚህ ዘመን የቤተሰቡ ታሪክ ይህ ነው፤ መሬቱን ያመጣችው ሴት ናት፣ የሚወርሱት ወንዶች ናቸው። ሂዩ በ25 ዓመታቸው ሰባተኛው መስፍን ሆኑ፤ የክርስትና አባታቸው የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ናቸው፣ እርሳቸውም በተራቸው የልዑል ጆርጅ የክርስትና አባት ናቸው። በሰኔ 2024 በቼስተር ካቴድራል ሲያገቡ ልዑል ዊልያም ከአጃቢዎቹ መካከል ነበሩ፤ የከተማዋም ሕዝብ በየመንገዱ ዳር ወጥቶ ሠርጉን ተመልክቷል።

ከዚያ ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 24 ቀን፣ የብሪታንያ ፓርላማ አዲስ የሊዝ ማሻሻያ ሕግ አጽድቆ ነበር። ሕጉ ተከራዮች ሊዛቸውን በቀላሉ ወደ 990 ዓመት እንዲያራዝሙ ይፈቅዳል፤ ሲያራዝሙም ሆነ መሬቱን ሲገዙ ለባለመሬቱ የሚከፍሉትን ገንዘብ በብዙ ይቀንሳል። ግሮቭነር፣ ከጎረቤቱ ከካዶገን ርስትና ከሌሎች ባለመሬቶች ጋር ሆኖ፣ ይህ ንብረትን ያለ ተገቢ ካሣ መውሰድ ነው ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በ2025 ውድቅ ተደረገ፤ ዳኞቹ ከመዘኗቸው የቀድሞ ፍርዶች አንዱም የዛሬ አርባ ዓመት ግድም በስትራስቡርግ በአባትየው ላይ የተሰጠው ነው። ፍርዱ ሲነበብ ከሕጉ ዋና ዋና አንቀጾች ብዙዎቹ ገና በሥራ ላይ አልዋሉም ነበር፤ ተከራዮቹም በቤልግሬቪያ የመሬት ኪራያቸውን እንደ ወትሮው እየከፈሉ ቀኑን ይጠብቁ ነበር።